ካርድ ያልተጠየቀው አባት

ጋሽ በላይነህ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ሥራዎ ምንድን ነው ሲባሉ ጥበቃ ነኝ አይሉም፤ “በሩ የኔ ነው” ነው መልሳቸው። ዳይሬክተር ሦስት ጊዜ ተቀያይሯል፣ ግቢው ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፣ መምህራኑም መጥተው ሄደዋል። በሩ ላይ ያለው ሰው ግን ያው እሳቸው ናቸው።

ልጆቹን ከስማቸው ይልቅ በወላጆቻቸው ነው የሚያውቋቸው። ያቺ የነርሷ ልጅ ናት፣ ያ የጎሚስታው ታናሽ ልጅ ነው፣ እነዚያ መንትዮች ደግሞ ወተት የምታከፋፍለዋ ሴት ልጆች ናቸው። ማን በእግሩ እንደሚሄድ፣ ማን በኮንትራት ባጃጅ እንደሚሄድ፣ የማን አያት ዓርብ ዓርብ እንደሚመጡ አንድ በአንድ ያውቃሉ። ይህን ሁሉ የጻፉበት ደብተር የለም። ደብተር ለሚረሳ ሰው ነው ይላሉ። ትንሽ ጉራ አለችበት፤ ግን እውነትም አይረሱም።

ተወልደው ያደጉት መንዝ ነው። ሀዋሳ የመጡት በሃያ ሰባት ዓመታቸው፣ መምህር ሆኖ እዚህ የተመደበው ታላቅ ወንድማቸው ተፈራ “አየሩም ሰዉም ጥሩ ነው፣ ና” ብሎ ቢጽፍላቸው ነው። መጀመሪያ የእህል መጋዘን ጠበቁ። መጋዘኑን አልወደዱትም፤ ጆንያ ደህና አደርክ አይልም። አስካለን አገቡ፣ ሁለት ልጅ ወለዱ፣ ገበያ ውስጥ እየተጨዋወቱ የአገሬውን ቋንቋ፣ ሲዳሙ አፎን ለመዱ። ትምህርት ቤቱ ሰው ይፈልጋል ሲባል ቀድመው ተገኙ። ያን ዕለት አራት መቶ ልጅ ደህና አደሩ ሲላቸው፣ ቤት ገብተው ለአስካለ “ከእንግዲህ የትም አልሄድም” አሏት።

ከዚህ ሥራ ያገኙት ትልቁ ነገር መከበር ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነጋዴው መኪናውን አቁሞ ጋሽ በላይነህ ይላል፣ ዶክተሯ ጎንበስ ብላ ትጨብጣቸዋለች፣ ልጅ ሲታመም ከዘመድ ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ለቅሶ ይደርሷቸዋል፣ ይደርሳሉ። በዚህ ላይ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለባቸው፣ ያውም ከልክ ያለፈ። የሚያውቁትን ሰው ፊት ለፊት እምቢ ከሚሉ ጥርሳቸው ቢነቀል ይመርጣሉ። ይህ ጠባይ ለብዙ ዓመት ደግ አሰኛቸው እንጂ የጎዳው ሰው አልነበረም።

ዘንድሮ መስከረም ሩት የምትባል ወጣት መምህርት መጣች። ሥራዋ ልጆችን ማማከር ነው፤ ግቢው ውስጥ ሁሉም “ጋይዳንስ” ነው የሚላት። መጥታ ወር ሳይሞላት ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወላጆች እየተሰበሰቡ ስለ ልጆቻቸው ደህንነትና አስተዳደግ መረጃ የሚያገኙበት ፕሮግራም ጀመረች። የመጀመሪያው ከትምህርት በኋላ ሐይቁ ውስጥ ስለሚዋኙ ልጆች ነበር፣ ሁለተኛው ዘጠኝ ልጅ ስለሚጫንበት ባጃጅ፣ ሦስተኛው ስለ ስልክ። ጋሽ በላይነህ አግዳሚ ወንበሮቹን ይደረድራሉ፣ ሲያልቅም ይመልሳሉ፤ በመሀሉ በሩ አጠገብ ቆመው ያዳምጣሉ።

ወላጅ ግን ስብሰባ አይወድም። አባት እናትን ይልካል፣ እናት ሠራተኛዋን ትልካለች፣ ሠራተኛዋም ካልተመቻት ጎረቤት ለጎረቤት ይፈርማል። ሩት በመጀመሪያው ቅዳሜ የፊርማውን ወረቀት ብትቆጥር አርባ ሰው ተገኝቷል፤ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ብትቆጥር ሃያ ሁለት ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ለአምስት ቤት ፈርማለች። ሩት ስቃ አለፈችው። ጋሽ በላይነህም ሳቁ፤ ልጅቷ ገና አገሩን አልለመደችም አሉ በሆዳቸው።

አራተኛው ቅዳሜ “ልጅዎን ከትምህርት ቤት የሚወስደው ማን ነው?” የሚል ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ ፎቶው ያለበት ቢጫ ካርድ ተዘጋጅቷል፤ ልጁ በኮንትራት የሚሄድ ከሆነ ለባጃጅ ነጂው ሌላ ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱን የያዘና ስሙ የተጻፈ ሰው ብቻ ልጁን ይወስዳል፤ ካርድ የሌለው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አይወስድም። ከካርዱ ጋር የሚሞላ ቅጽ አለ፤ የመጨረሻዋ መስመር “ልጁን እንዲወስድ የማይፈቀድለት ሰው ካለ ይገለጽ” ትላለች።

“ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር ካለ ንገሩን” አለች ሩት። “መለያየትም ይሁን ሌላ። እኔና ዳይሬክተሩ ብቻ ነን የምናውቀው። በሩ ላይ የሚነገረው ስም ብቻ ነው፣ ምክንያቱ አይነገርም።”

የልጅቷ ሐሳብ መልካም ነበር፤ ግን ጎረቤት ከጎረቤት ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ የቤቱን ገበና በእስክሪብቶ ይጽፋል ብላ ማሰቧ ነው የዋህነቷ። ሁሉም ያቺን መስመር ቶሎ ቶሎ አለፋት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ታቢታ ተቀምጣ ነበር፤ ባህል አዳራሽ አካባቢ የልጆች ልብስ ትሸጣለች፣ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ኳየር ትዘምራለች። ልጇ ሩሀማ ሁለተኛ ክፍል ናት። ባሏ ፊልሞን ልጅቷን ይዤ እጠፋለሁ እያለ ሲዝት ከርሞ ከቤት ከወጣ ሰባት ሳምንት ሆኖታል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በምስጢር ያስታርቃሉ፣ ምእመናኑ አልሰሙም፣ ጎረቤት አልሰማም። ታቢታ ግራ ቀኟን አየች፤ በስተቀኟ ከኳየሩ አንዷ ናት። መስመሯ ላይ “የለም” ብላ ጻፈች። ጋሽ በላይነህ ይህን ሁሉ ያወቁት በኋላ ነው።

ካርዱ ሥራ ላይ ዋለ፤ የጋሽ በላይነህም መከራ ተጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ጠየቁ። ሰዉም ተቀየማቸው።

“ጋሽ በላይነህ፣ እኔን አያውቁኝም?” ይላል አንዱ።

“ዛሬ ደግሞ ምን ነካዎት?” ትላለች ሌላዋ።

ጎሚስታው ጨርሶ ሰላምታ አቆመ። ከሁሉም ይህ አንገበገባቸው። በሁለተኛው ሳምንት የማያውቁትን ብቻ መጠየቅ ጀመሩ፣ የማያውቁት ሰው ደግሞ እምብዛም የለም። ቢጫ ካርዶቹ በየቤቱ መሳቢያ ገቡ።

ነገሩ ሩትን አላመለጣትም። አንድ ቀን ከሰዓት በሩ ላይ መጣች።

“ጋሽ በላይነህ፣ ካርድ የሚጠይቁት የማያውቁትን ብቻ ነው።”

“የማውቀውንማ ምን ብዬ ልጠይቀው?”

“የሚያውቁትን ነው ይበልጥ መጠየቅ ያለብዎት። የማይታወቅ ሰው እኮ መጀመሪያውኑ እርስዎን አልፎ አይገባም። ልጁም እምቢ ይላል። የሚታወቀውን ነው ልጁም እርስዎም እምቢ የማትሉት።”

“እሺ የኔ ልጅ” አሉ። እሺ ያሉት እንድትሄድላቸው ነው። ከሳምንት በኋላ ደግማ ነገረቻቸው፣ ደግመው እሺ አሏት። ይህን እዚህ መጻፍ የሚያስፈልገው ኋላ ላይ እሳቸው ራሳቸው ስላልደበቁት ነው።

በኅዳር ወር በአንድ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ደወሉ ሊደወል ትንሽ ሲቀረው፣ ፊልሞን መጣ። ከሩቅ እጁን ዘርግቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ሰላም አላቸው። ስለ አስካለ ጠየቀ፤ ወገቧ ተሻላት ወይ አለ። ሊጠይቅ ይገባዋል። አስካለ ባለፈው ክረምት መነሳት አቅቷት በነበረ ጊዜ የሚነዳትን ፒክአፕ አምጥቶ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ያደረሳት፣ ቀኑን ሙሉ ደጅ ቆሞ ጠብቆ ቤቷ የመለሳት እሱ ነው።

“ሩሀማን ልወስዳት ነበር” አለ። “ካርዱ ታቢታ ጋ ቀረ።”

ጋሽ በላይነህ አፋቸውን ከፈቱ። ካርድ ካልያዝክ አይሆንም የሚለው ነገር ምላሳቸው ላይ ነበር። አባትን፣ ያውም ይህን አባት፣ ልጅህ ለመሆኗ ማስረጃ አምጣ እንደ ማለት ሆነባቸው። አፋቸውን መልሰው ዘጉት።

“ኧረ ግባ፣ ምን ካርድ አለብህ አንተ” አሉት።

ሩሀማ አባቷን ስታይ ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች። ሳቀች፣ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለች። ጋሽ በላይነህ ቦርሳውን አንስተው አቀበሏት፤ “ቻው አባባ” ብላ እጇን አውለበለበችላቸው። ደስ አላቸው። ያን ደስታቸውን በኋላ ሲያስቡት ነው ይበልጥ ያማቸው።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሱሌይማን ባጃጁን አቆመ። ሩሀማንና ሌሎች አምስት ልጆችን በኮንትራት የሚያመላልሰው እሱ ነው። አምስቱ ገቡ። ስድስተኛዋን ሲጠይቅ፣

“አባቷ ወስዷታል” አሉት ጋሽ በላይነህ።

ሱሌይማን ሥራው ነውና ለእናቲቱ ደወለ። ታቢታ ሱቋን ክፍት ጥላ፣ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች፣ በአሥር ደቂቃ ደረሰች።

“ለማን ሰጧት?”

“ለአባቷ ነዋ፣ ለፊልሞን።”

ታቢታ የበሩን ብረት ይዛ ቁልቁል ተንሸራታ መሬት ላይ ተቀመጠች። “ተለያይተናል እኮ” አለች። “ጋሽ በላይነህ፣ ይዣት እጠፋለሁ እያለ ሲዝትብኝ ነበር እኮ።”

የፊልሞን ስልክ ተዘግቷል። ሩት ፖሊስ ጠራች፣ ሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ ደወለች፣ ታቢታን ይዛ ሄደች። ጋሽ በላይነህ ምን ላድርግ ብለው ሦስት ሰው ጠየቁ፤ የሚያደርጉት ነገር አልነበረም። በሩን ቆልፈው ቤታቸው ሄዱ። እራት አልበሉም።

ሩሀማ በማግስቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይርጋለም፣ የፊልሞን እህት ቤት ተገኘች። ፊልሞን ለፖሊስ ልጄን መውሰድ መብቴ ነው አለ። እህትየው ግን ወደ ሞያሌ ሊያልፍ እንደነበረ፣ ልጅቷን ካልተውክልኝ ብላ በር ዘግታ ያስቀረችው እሷ እንደሆነች ተናገረች። አንድ ቀን ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማንም ጮክ ብሎ አላወራም። ሩሀማ ምንም አልሆነችም። በልታለች፣ ተኝታለች፣ ከአክስቷ ልጆች ጋር ተጫውታለች። እናቷ አቅፋት ስታለቅስ ግራ ገብቷት “አባዬ እኮ ለእማዬ ነግሬያታለሁ ብሎኝ ነው” አለች።

ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ አቶ ፍቃዱ ጋሽ በላይነህን ቢሮ ጠርተው በሩን ዘጉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የትምህርት ቤቱ ስም ያስፈራቸዋል።

“ልጅቷ በሰላም ተገኝታለች” አሉ። “ነገሩ የቤተሰብ ነው። ለማንም አንዲት ቃል እንዳይናገሩ። ይህ ከተሰማ እርስዎን እዚህ ማቆየት አልችልም፣ ቦርዱ አይሰማኝም። ዝም ካልን ግን ያልፋል።”

ጋሽ በላይነህ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ዝም ማለት አይከብዳቸውም፤ በሩን ማጣት ግን ቀልባቸውን ገፈፈው። ስልሳ አንድ ዓመት ሞልቷቸዋል። ከዚህ ቢባረሩ የሚጠብቁት ጆንያ እንኳ አያገኙም።

ዝም ተባለ፤ ሰፈሩ ግን ዝም አላለም። ትምህርት ቤቱ ያልተናገረውን ራሱ ሞላው። ልጅ ጠፍታ ነበር፣ ፖሊስ መጥቶ ነበር፣ ልጅቷ የምትሄደው በባጃጅ ነው፤ ከዚህ ተነስቶ ሱሌይማን ጋ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀም። ማክሰኞ ሦስት ወላጆች ልጆቻቸውን ከሱሌይማን ኮንትራት አወጡ። ረቡዕ አንዲት እናት በሩ ላይ “አንተ ሰው አይደለህም” አለችው። እሱ ምን እንደተባለ እንኳ ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ባጃጁን ጥግ አስይዞ ወርዶ ጋሽ በላይነህ ፊት ቆመ።

“ጋሽ በላይነህ፣ እርስዎ ያውቃሉ አይደል?”

“አውቃለሁ” አሉ።

ሱሌይማን ቀጥሎ የሚመጣ ቃል ጠበቀ። አልመጣም። ወደ ባጃጁ ተመለሰ።

ያን ቀን ቤታቸው ሲገቡ ለአስካለ ሁሉንም ነገሯት፤ የፊልሞንን፣ የዳይሬክተሩን፣ የሱሌይማንን። አስካለ ሽንኩርት እየላጠች ሰማቻቸው። ሲጨርሱ ቢላዋውን አስቀመጠች።

“እኔን ስላሳከመኝ የሰው ልጅ ከፈልከው?” አለች።

“ኧረ አንቺ፣ ምን ማለትሽ ነው?”

“ሌላ ምን ይባላል? ውለታው የኔ ነበር። እኔ እመልሰው ነበር፣ በሌላ ነገር። አሁን ደግሞ ሱሌይማንን እያስበላኸው ነው።”

ተቆጡ። ተነስተው ግቢ ወጡ፣ ተመልሰው ገቡ። እውነቷን ነው፤ ያናደዳቸውም እውነትነቱ ነው። አስካለ ደግማ አላነሳችውም፤ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሩት ስብሰባ ነበር። ያን ዕለት ወንበር አልበቃም። ለጎረቤት የፈረመ የለም፤ ሁሉም ራሱ መጥቷል፣ አባቶች ሳይቀሩ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ልጅ መጥፋት የማይሰበስበው ሰው የለም። ሱሌይማንም መጥቶ ከኋላ ቆሟል፤ አጠገቡ ያለው ቦታ ባዶ ነበር።

አቶ ፍቃዱ ተነስተው “ባለፈው ሳምንት ትንሽ አለመግባባት ተፈጥሮ ነበር፣ ተፈትቷል፣ ልጅቷም በትምህርቷ ላይ ናት” አሉ። ከመሀል አንድ አባት “ባጃጅ ነጂው ለምን አልታሰረም?” ብሎ ጮኸ። ጉርምርምታው አዳራሹን ሞላው። ሩት ዳይሬክተሩን አየቻቸው፤ እሳቸው ወረቀታቸውን ያያሉ።

ጋሽ በላይነህ ከጓሮ ያመጡትን አግዳሚ ወንበር እንደያዙ ነበሩ። አስቀመጡት። ኮፍያቸውን አውልቀው በመሀል መተላለፊያ ወደ ፊት ሄዱ።

“ሱሌይማን የለበትም” አሉ። “ልጅቷን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።”

ፊታቸውን ወደ ወላጆቹ አዙረው ቀጠሉ።

“ካርድ አልጠየቅሁም። ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ መምህርቷ ሁለት ጊዜ ነግራኛለች። ለማን እንደሰጠሁ አልናገርም፣ የሰው ገበና ነው። የማውቀው ሰው ነበር፣ የወለድኩትን ያህል የማውቀው። ካርድ ብጠይቀው ይቀየመኛል ብዬ ነው። አፈርኩ። እንደ እናንተ ሁሉ አፈርኩ። ልጅቷ በመትረፏ ነው እንጂ ዛሬ እዚህ ቆሜ የማወራው ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ሱሌይማንን ይቅርታ በሉት። እኔ ሦስት ቀን ዝም ብዬው ስለነበር ከሁላችሁ በፊት እኔ ይቅርታ እለዋለሁ።”

ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆሙ። አቶ ፍቃዱ ፊታቸው ጠቁሯል። ያኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ታቢታ ተነሳች። ድምፅዋ ከኳየር ድምፅዋ ጋር አይገናኝም፤ ቀጥኖ ነበር።

“አባቷ ነው የወሰዳት” አለች። “ተለያይተናል። ቅጹ ላይ የማይፈቀድለት ሰው ካለ ጻፉ ሲል፣ የለም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሽ በላይነህ ቢጠይቁም እኔ ያልጻፍኩትን ከየት ያውቁታል? ሰው ይሰማብኛል ብዬ ነው። አሁን ሁላችሁም ሰማችሁ። ምንም አልሆንኩም።”

ተቀመጠች። ከኳየሩ ያቺ ሴት እጇን ያዘችላት። የሩት ዝግጅት ሌላ ነበር፤ ስለ ልጆች ፍርሃት ልትናገር በሰሌዳ ላይ ሥዕል ስላ ነበር። ተወችው። “ቅጹን መቀየር የሚፈልግ ሰው ካለ ቢሮዬ ውስጥ አንድ በአንድ አስገባለሁ” ብቻ አለች። ማንም ወዲያው አልተነሳም። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ግን አንዱ የረሳሁት ነገር አለ ብሎ ተመለሰ፣ አንዷ ስልኬን ጥዬ ብላ ተመለሰች። ያን ቀን አሥራ አንድ ሰው ያቺን የመጨረሻ መስመር በአዲስ ሞላ። አንዱ የእንጀራ አባት ስም ጻፈ፣ አንዷ የገዛ ወንድሟን። ጋሽ በላይነህ የተሰጣቸው የስም ዝርዝር ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አልጠየቁም።

በሱሌይማን ላይ የጮኸው አባት ሄዶ ጨበጠው። ከሦስቱ ልጆች ሁለቱ ወደ ባጃጁ ተመለሱ፤ የአንዱ እናት ግን ልጇን አልመለሰችም፣ ለምን እንደሆነም አልተናገረችም። አቶ ፍቃዱ ለጋሽ በላይነህ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧቸው። ቦርዱ ይባረሩ ብሎ ነበር፤ ሩት ገብታ ምን እንዳለች ባይታወቅም ጉዳዩ እስከ ሰኔ ይታይ ተብሎ ቆመ። ጋሽ በላይነህ ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። እስከ ሰኔ ድረስ በሩ በእጃቸው ነው፤ ከሰኔ በኋላ አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም መጠየቅ ጀመሩ፤ ጎሚስታውን፣ ነርሷን፣ ዶክተሯን። አንዳንዱ ያጉረመርማል፣ አንዳንዱ ገና ሳይደርስ ካርዱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ደህና ዋሉ የሚላቸው ሰው ትንሽ ቀንሷል። ያሳዝናቸዋል፤ ዋሽተው አያሳዝነኝም አይሉም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ረቡዕ ሰማዩ ከቀትር ጀምሮ ጠቁሮ ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ዝናቡ ወረደ። የሱሌይማን ባጃጅ ተበላሽታ ነበርና ወላጆች ራሳቸው መጥተው በሩ ፊት በዣንጥላ ተጨናንቀዋል። ታቢታ እየሮጠች ደረሰች። ቦርሳዋን ፈተሸች፣ ኪሷን ፈተሸች፣ ቦርሳዋን ደግማ ፈተሸች።

“ጋሽ በላይነህ፣ ካርዱን ሱቅ ረስቼው መጣሁ።”

ዣንጥላዎቹ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሩ። ከበሩ ወዲያ ሩሀማ እናቷን አይታ “እማዬ!” ብላ ተጣራች፤ በብረቱ መሀል እጇን አሾለከች። ይህችን ሴት መሬት ላይ ያስቀመጧት እሳቸው ናቸው። አሁን ደግሞ በገዛ ልጇ ሊከለክሏት ነው። የዚህን ያህል ያፈሩበትን ቀን አያስታውሱም።

“ሂጂና አምጪ፣ ልጄ” አሏት።

“እናቷ ነኝ እኮ!”

“አውቃለሁ።”

“እርስዎ ነዎት ደግሞ እንዲህ የሚሉኝ?” አለች። ሰዉ ሁሉ ሰማ።

“አዎ፣ እኔ ነኝ።”

ታቢታ አፍጥጣ አየቻቸው። ዞር ብላ ዝናቡ ውስጥ ገባች። ጋሽ በላይነህ ሩሀማን ከዝናቡ አስጠግተው በርጩማቸው ላይ አስቀመጧት፣ ካፖርታቸውን ደረቡላት። “እማዬ ተቆጣች?” ብላ ጠየቀቻቸው። “ትመጣለች” ብቻ አሏት። ሌሎቹ ወላጆች አንድ በአንድ ካርዳቸውን እያሳዩ ልጆቻቸውን ወሰዱ።

ታቢታ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተመለሰች። ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል፣ ጫማዋ ውሃ ይተፋል። ቢጫውን ካርድ ዘረጋችላቸው። ጋሽ በላይነህ መነጽራቸውን አደረጉ። ፎቶውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። ስሙን አነበቡ፣ ታቢታን አዩ። አንዲት ፊደል አልዘለሉም። ከዚያ በሩን ከፈቱ።

ሩሀማ ወጥታ እናቷ ወገብ ላይ ተጠመጠመች። ታቢታ ልጇን ይዛ አሥር እርምጃ ያህል ሄደች፣ ቆመች፣ ተመልሳ መጣች።

“ጋሽ በላይነህ፣ ነገም ብረሳ እንዳይሰጡኝ” አለች።

“አልሰጥሽም” አሏት።